መጀመሪያ ቀለሙ ወይስ ፍሬኑ? የአንዲት ቮልስ ክርክር

ይህ ጽሑፍ በኢንተርኔት የመኪና ወዳጆች መድረክ ላይ ስለተለጠፈ አንድ ጥያቄና ስለተከታተሉት መልሶች ነው፤ ክር የምለውም ይህንኑ የመልሶች ሰንሰለት ነው። ጠያቂው ነገር አላበዛም። እጁ የገባችው የ1965 ቮልስዋገን ቢትል ናት፤ ቮልስ ብለን የምንጠራት። (እዚህ የሚነሡት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ለብዙ ዓመታት መጋዘን ውስጥ ቆማለች። ቀለሟ የፋብሪካው ነው፣ ግን ደብዝዟል። ግራ ፓራፋንጎዋ (የጎማ መከለያዋ) ተጨርምቷል። ወለሏ ዝጓል። ጥያቄው አንድ ነው፦ ቀለሙ እስከ ላሜራው ተልጦ እንደ አዲስ ይቀባ ወይስ እንዳለ ይተው? በመጨረሻዋ መስመር ደግሞ፣ እግረ መንገዱን፣ ቅዳሜ ባትሪ አስሮ ሞተሩን ሊያስነሣ እንዳሰበ ጣል አደረገ።

ከሠላሳ በላይ መልስ መጣለት። አብዛኛው ስለ ቀለም ነው። እኔን ግን ያሳሰበችኝ ያቺ የመጨረሻ መስመር ናት። ዓመታት የቆመ ሞተር ብዙ ጊዜ የሚሰበረው በቆመበት ሳይሆን ሊያስነሡት በተነሡበት ቀን ነው። ሰው ይህን ልብ እስኪል ድረስ አምስት መልስ አለፈ።

መልስ 1 የተለመደው እንኳን ደስ ያለህ ነው። ፎቶ ጠየቀ፣ ሄደ።

መልስ 2 ወንድሜ ብሎ ጀምሮ እንዳትነካት ሲል በትሕትና ለመነ። የፋብሪካ ቀለም አንዴ ከተላጠ ማንም አይመልሰውም። አዲስ ቀለም ግን ነገም ከአሥር ዓመት በኋላም መቀባት ይቻላል። ስለዚህ የማይመለሰውን ውሳኔ አታስቀድም ነው የሚለው። የዚያ ዘመን ቀለም ከላዩ ሌላ ግልጽ ሽፋን የለውም። የደበዘዘው ገጽ በጥንቃቄ ሲፈተግ ከሥሩ ያለው ቀለም ይወጣል። ብቻ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ቀለሙ ስስ ነውና እጅህን ቀለል አድርግ ብሎ አስጠነቀቀው። ጥሩ ምክር ነው።

መልስ 3 ዝገት ቀጠሮ አይሰጥም ባይ ነው። ከቀለሙ ሥር ያለውን ማን አየው? ስቱኮ (ጉድጓድ የሚሞላበት ሊጥ) ይኑር፣ ቀዳዳ ይኑር የሚታወቀው ሲላጥ ብቻ ነው አለ። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ማንም አይቀየመውም ነበር። እሱ ግን ደብዛዛ መኪና ይዞ አደባባይ የሚወጣ ሰው አይገባኝም ብሎ ጨመረ። ጠቡን የጫረው ይህ ነው።

መልስ 4 ረጅም ነው፤ ትንሽም ያስተምራል፣ ትንሽም ይኮፈሳል። ፊቫ ስለሚባለው ዓለም አቀፍ የጥንት ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን ያወራል። ፌዴሬሽኑ የተመሠረተው በ1966 ነው። ታሪካዊ የሚለው መኪና ቢያንስ 30 ዓመት የሞላው፣ ከታሪኩ ጋር በሚስማማ ሁኔታ የተጠበቀና የዕለት ተዕለት መጓጓዣ ያልሆነውን ነው። በ2012 የቱሪን ቻርተር የተባለ ሰነድ አጽድቋል። ሰነዱ ባለበት መጠበቅን፣ መጠገንንና እንደ አዲስ ማደስን ለያይቶ ያያቸዋል። የሚሠራው ሥራ ሁሉ በመዝገብ እንዲያዝም ይጠይቃል። መላሹ ከዚህ ተነሥቶ ጠያቂው ማደስ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ መጀመሪያ ይወስን አለ። ነገሩ እውነት ነው። ባለበት ይቆይ የሚለው ሰው እና ይጠገን የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚጣሉት አንድ ነገር እየተናገሩ ነው። ግን ቻርተር የሚያህል ነገር ለአንድ ፓራፋንጎ መጥቀስ፣ እንዴት ልበላችሁ፣ ሳቅ ማስከተሉ አይቀርም።

መልስ 5 ሳቁን አመጣው። ቢትል ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተች መኪና ናት። የመጨረሻዋ በ2003 ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ወጣች። ይህን የሚያህል ቁጥር ያለውን መኪና እንደ ንጉሥ ዘውድ መስተዋት ውስጥ ልናስቀምጥ ነው እንዴ ብሎ ቀለደ። እኔ በዚህ አልስማማም። 21 ሚሊዮን ተሠራ ማለት 21 ሚሊዮን ቀረ ማለት አይደለም። የብዙዎቹ መጨረሻ ቁርጥራጭ ብረት ሆነ። የተረፉትም ደጋግመው ተቀብተዋል። የመጀመሪያ ቀለሟን የያዘች ቮልስ የምታስገርመው በዚህ ምክንያት ነው።

መልስ 6 ላይ ድምፁ ተለወጠ። ጸሐፊው ዕድሜውን በጋራዥ የጨረሰ ሰው መሆኑ ከአነጋገሩ ያስታውቃል። ልጄ እያለ ነው የሚጽፈው፤ ሌሎቹም ከዚህ በኋላ ጋሼ እያሉ ይጠቅሱታል። ቀለሙን ተዉት፣ የመጨረሻዋን መስመር ያነበበ ሰው የለም ወይ ብሎ ሁሉንም ተቆጣ። ከዚያ ለልጁ ለምን ባትሪ ማሰር እንደሌለበት ዘረዘረለት።

ብዙ ዓመት የቆመ ሞተር ውስጥ የፒስተኑ ፋሻዎች (ፒስተኑን የሚከብቡት ቀለበቶች) ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ይጣበቃሉ። ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ደግሞ አይለምንም፤ በአንድ ጊዜ ነው የሚያሽከረክረው። የተጣበቀው ፋሻ ያን ጊዜ ይሰበራል። ቫልቮቹም እንዲሁ ናቸው። የድሮው ቤንዚን ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይሆንና የቫልቩን ዘንግ ይይዘዋል። አልከፈትም ያለ ቫልቭ የሚገፋውን ዘንግ ያጎብጠዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ካንዴላዎቹ ይውጡ። በየቀዳዳው ቀጭን ዘይት ይግባ። ቀናት ይጠበቅ። ከዚያ በቁልፍ፣ በእጅ፣ ቀስ ተደርጎ ይዙር። እምቢ ካለ አለመታገል። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል ቀላቅሎ እየጨመሩ መጠበቅ ብዙ ሞተር አላቋል።

ዘይቱንም አስወጣው አለ። የዚህች ሞተር ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ እንደ ዛሬ መኪኖች የሚቀየር የዘይት ፊልትሮም የላትም። ከሥር ያለችው ወንፊት ናት ያለቻት። ወንፊቷን አውርደህ እያት፤ የተጠራቀመው ጭቃ ብቻ ከሆነ እጠብ፣ የብረት ቅንጣት ካየህ ግን ቁጭ ብለህ አስብ ነው ያለው። በእኔ ግምት ከዚህ ክር አንድ መልስ ብቻ ይቀመጥ ቢባል ይህ ነው።

መልስ 7 ጋሼ እውነት ብለዋል ብሎ የራሱን ጨመረ። ቤንዚንና አየር ከሚቀላቅለው ካርቡራተር ላይ ቤንዚን የምታስገባው ትንሽ የነሐስ ቱቦ በግፊት ብቻ የገባች ናት። ዘመን ሲቆጥር ትላላለች። የእሱ በጉዞ ላይ ተነቅላ ወጣች። ቤንዚኑ በጋለ ሞተር ላይ ተረጨ። መኪናው ሙሉ በሙሉ ሳይቃጠል የተረፈው ከኋላው የነበረ አሽከርካሪ ጡሩንባ ስለነፋለት ነው። ሞተሯ ከኋላ ናት፤ ነጂው ጭሱን የሚያየው ዘግይቶ ነው። የሞተሩ አካል ደግሞ የማግኒዚየም ቅይጥ ነው። አንዴ ከተቀጣጠለ ውኃ ሲያፈሱበት ይብስበታል። ይህን ያህል ዓመት ስለ ቮልስ ሳነብ ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራ ነገር አላጋጠመኝም።

መልስ 8 ሰባተኛውን አስተካከለ። አደጋው የነሐስ ቱቦዋ ብቻ አይደለችም፤ ቤንዚን የሚያልፍበት የጎማ ቱቦም ነው። የዱሮው የነዳጅ ጎማ ኤታኖል ለተቀላቀለበት ቤንዚን አልተሠራም። ኤታኖል ጎማውን ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል። ከውጭ በጨርቅ የተሸፈነ ስለሆነ ስንጥቁ አይታይም። ስለዚህ ምን መልካም ቢመስል ሁሉም ይቀየር፣ ኤታኖል የሚችል ይገዛ። የነዳጅ ፊልትሮውንም ከሞተሩ ክፍል አውጥተህ ራቅ አድርገህ እሰረው ብሎ ዘጋ። የእሳት ማጥፊያ ነጂው እጅ ሲዘረጋ የሚደርስበት ቦታ ይሁን የሚለው ምክርም የእሱ ነው።

ሰው ሁሉ በእሳት ተደናግጦ ዝም ባለበት መልስ 9 ክርክሩን ወደ ቀለም መለሰው። ፔብል ቢች በሚባለው ታዋቂ የጥንት መኪኖች ውድድር በ2024 ታላቁን ሽልማት የወሰደችው የ1934 ቡጋቲ ታይፕ 59 ናት። በመጀመሪያ የውድድር መኪና ነበረች፤ በኋላ የቤልጂየሙ ንጉሥ ሊዮፖልድ ሦስተኛ ያዛት። ያሸነፈችው ሳትታደስ ነው፤ ቀለሟ ያረጀ፣ የተፋቀ ነው። ባለበት ከተጠበቁት መኪኖች ምድብ መጥቶ ታላቁን ሽልማት የወሰደ ከዚያ በፊት አልነበረም። ከ1950 ጀምሮ ይህን ዋንጫ ሲበሉ የኖሩት እንደ መስታወት የሚያበሩት ናቸው። እንግዲህ ዓለም ራሱ ተለውጧል ነው ነጥቡ።

መልስ 10 ለዚህ ፊት ለፊት መለሰለት። ያ የንጉሥ ቡጋቲ ነው። ይሄ ወለሉ የተበሳ ቮልስ ነው። የተፋቀው የታሪክ ቀለም እና የተበላው ወለል እኩል ክብር አይሰጣቸውም። አነጋገሩ ሻካራ ነበር፤ ነገሩ ግን ልክ ነው። ያረጀ መልክ ይጠበቅ ሲባል ዝገትም ይጠበቅ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ።

መልስ 11 የጠያቂው ነው። ሁሉንም አመሰገነ፤ ጋሼን በእርስዎ እያለ ለብቻ አመሰገነ። ባትሪ ማሰሩን እንደተወው ነገራቸው። ከዚያ የኋላውን መቀመጫ ሲያነሣ ከሥሩ ቀዳዳ ማግኘቱን ጻፈ። አንድ ሰው ከዚህ በፊት በቆርቆሮና በስቱኮ ሸፍኖታል።

ከዚህ በኋላ ክሩ ሌላ ክር ሆነ ማለት ይቻላል።

መልስ 12 ቀዳዳው ለምን እዚያ እንደሆነ አስረዳ። የቢትል ባትሪ የሚቀመጠው በኋላ መቀመጫ ሥር ነው። ባትሪው የሚያወጣው አሲድና ትነት ላሜራውን ይበላዋል። ብዙ ቢትል መጀመሪያ የሚበሳው እዚያ ነው። አንድ ነገር ጨመረ፤ ሳነበው ወንበሬ ላይ ቀጥ አልኩ። የባትሪው መሸፈኛ ከጠፋ፣ ከኋላ ከበድ ያለ ሰው ሲቀመጥ የመቀመጫው ስፕሪንግ ወርዶ የባትሪውን ራሶች ይነካል፤ ያን ጊዜ ብልጭታ ይወጣል። የመቀመጫው ሙሌት ደረቅ የእንስሳ ጸጉር ወይም ጭረት ነው፤ ቶሎ ይነድዳል። ስለዚህ መሸፈኛ ሳትገዛ ማንንም ከኋላ አታስቀምጥ አለው።

መልስ 13 ስለ ብየዳ ነው። ባትሪው ይውጣ። የነዳጅ ታንኩ ከፊት ነው፤ እሱም ይውጣ። ባዶ ታንክ ከሙሉው ይብሳል፤ የሚፈነዳው ትነቱ ነውና። ከኋላ ወንበር ሥር ያለውን ምንጣፍና የሬንጅ ሽፋንም አንሣ። አንድ ሰው በመበየጃ፣ አንድ ሰው በውኃ ይቁም።

መልስ 14 አንድ መስመር ብቻ ነው፣ ግን ሕይወት ያድናል። ክሎሪን ባለበት የፍሬን ማጽጃ የታጠበን ብረት አትበይድ። ሙቀቱ ፎስጂን የሚባለውን መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

መልስ 15 ዝገቱን በአሸዋ ማስነፋት ነው ብሎ መከረ። መልስ 16 ቶሎ ያዘው። ስስ ላሜራ፣ በተለይ ኮፈንና በር የመሰለ ሰፊ ገጽ፣ በአሸዋ ሲመታ ይንሻፈፋል። 15 ቁጥር ሙቀቱ ነው የሚያጣምመው ሲል ይከራከራል። 16 ደግሞ አይ፣ ቅንጣቱ እንደ ሺህ ትናንሽ መዶሻ እየቀጠቀጠ አንዱን ገጽ ስለሚለጥጠው ነው ባይ ነው። ከሁለቱ 16 ያሳምናል። ባትላሜራ (የመኪና አካል ቀጥቃጭ) ሲቀጠቅጥ ያየ ሰው ላሜራ በምት እንደሚዘረጋ ያውቃል። ለሻንሲና ለወፍራም ብረት ግን አሸዋ ጥሩ ነው፤ በዚህ ሁለቱም ተስማሙ።

መልስ 17 ትንንሽ ክፍሎችን በኤሌክትሪክ ስለማጽዳት ጻፈ። ውኃ፣ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ፣ የባትሪ ቻርጀር። የዛገው ዕቃ ከኔጌቲቩ፣ ሌላ ተራ ብረት ከፖዘቲቩ ይታሰራል። ዝገቱ ራሱ እየለቀቀ ይሄዳል፤ ጤነኛው ብረት አይነካም። መልስ 18 ደግሞ ከፖዘቲቩ የምታስረው ብረት አይዝጌ እንዳይሆን ብሎ አስጠነቀቀ፤ መርዛማ የክሮሚየም ውሕድ ይወጣዋል። የሚወጣው አረፋም ሃይድሮጅን ነው። በር ከፍተህ፣ ከእሳት ርቀህ ሥራ።

መልስ 19 ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ ስለ እርሳስ ቤንዚን ጀመረ። የዛሬ ቤንዚን እርሳስ ስለሌለው የቮልሷ ቫልቭ መቀመጫዎች ያልቃሉ፣ ስለዚህ በየታንኩ ማካካሻ ይጨመርበት አለ።

መልስ 20 አስተካከለው፤ በጨዋ ቋንቋ። እርሳስ የሌለው ቤንዚን የሚጎዳው መቀመጫው በቀጥታ ከተራ ከስት አይረን ላይ የተቆረጠለትን ሞተር ነው። የቮልስ ቴስታታ (ቫልቮቹ ያሉበት የሲሊንደሮቹ ክዳን) ግን አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ያን ምት ስለማይችል ከመጀመሪያው ጠንካራ የብረት ቀለበት ተገጥሞለታል። ማካካሻው ገንዘብ ማባከን ነው። እርሳስ ያለው የመኪና ቤንዚን ከዓለም የጠፋው በ2021 መሆኑንም ጠቀሰ። የመጨረሻዋ አልጄሪያ ነበረች፤ ሽያጩን በሐምሌ ወር አቆመች። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራምም ነሐሴ መጨረሻ ላይ ለዓለም አበሰረ።

መልስ 21 ለሃያኛው ወንድሜ ብሎ መለሰና ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ ነው ወይስ እጅህ ዘይት ነክቶ ያውቃል ሲል ጠየቀ። መልስ 22 የሃያኛዋ ናት። ወንድም ሳይሆን እኅት እንደሆነች፣ ቴስታታ በራሷ እጅ አውርዳ እንደምትገጥም፣ የሌሎችንም ካርቡራተር እንደምትጠግን ነገረችው። ደግሞ ስለ ቫልቭ መቀመጫው የምትለው ካለህ በል፣ ከሌለህ ዝም በል አለችው። ይገባዋል። 21 ቁጥር ከዚያ በኋላ አልታየም።

መልስ 23 ነገሩን ሊያበርድ ይመስላል፣ የቤርታ ቤንትስን ታሪክ አመጣ። ባሏ ካርል ቤንትስ መኪናውን በ1886 በፓተንት አስመዘገበ። እሷ በ1888 ሳታስፈቅደው ሁለት ልጆቿን ይዛ ከማንሃይም እስከ ፎርትስሃይም ነዳችው። የነዳጁ መስመር ሲዘጋ በባርኔጣ መርፌዋ ከፈተችው። መከለያው የተላጠ ሽቦ ሲያስቸግራት በጉልበት ማሰሪያዋ ሸፈነችው። ነዳጅ ሲያልቅባት ቪስሎህ ከሚገኝ ፋርማሲ ገዛች። የእንጨት ፍሬኗ ሲያልቅባት ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄዳ ቆዳ አስለበጠችው። እንግዲህ መንገድ ላይ መኪና ጠግኖ ጉዞ በመቀጠል የመጀመሪያዋ ሴት ናት ብሎ ቋጨ። ከርዕስ መውጣት ነው፤ ግን እንዲህ ከሆነ ይውጡ።

ከ24 እስከ 27 ያሉት ስለ 6 ቮልት ተጣሉ። የ1965 ቢትል በ6 ቮልት ነው የምትሠራው፤ ለአሜሪካ ገበያ ወደ 12 የተሻገሩት በ1967 ሞዴል ነው። አንደኛው ቶሎ ወደ 12 ቀይራት፣ መብራቷ ሻማ ነው አለ። ሌላው መኪና የሚያበላሹት እንዲህ ያሉት ናቸው ብሎ ጮኸ። ስድብ ሊመጣ ሲል ጋሼ ገቡ። 6 ቮልት ለአንድ ዓይነት አምፖል እጥፍ ከረንት ይፈልጋል። ከረንቱ እጥፍ ሲሆን በዛገ ግንኙነት ላይ የሚባክነው ኃይል አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ 12 ቮልት የሚችለውን ዝገት 6 ቮልት አይችለውም። መሬት የሚያዙትን ገመዶች ሁሉ ፈትቶ፣ ብረቱን እስኪያበራ ፍቆ፣ ወፍራም የባትሪ ገመድ አስሮ መጀመሪያ መሞከር ነው። ሰዎች 6 ቮልት ደካማ ነው የሚሉት 12 ቮልት በሚችለው ገመድ ስለሚሞክሩት ነው አሉ። ሁለቱም ተከራካሪዎች ዝም አሉ፤ አንዱ ብቻ አመሰገነ።

መልስ 28 ከቴስታታዋ ባለሙያ ነው፣ ስለ ፍሬን። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ክሩ ሁሉ ወደዚህ መምጣት የነበረበት ከመጀመሪያው ነው።

የ1965ቷ ቢትል ፍሬን አንድ መስመር ብቻ ነው። አራቱም ጎማ ከአንድ ዘይት ነው የሚጠጣው። ከአራቱ አንዱ ካፈሰሰ ሁሉም ይሄዳል፤ የሚቀረው የእጅ ፍሬን ነው። ሁለት መስመር የመጣው በኋላ ነው። እንግዲህ አንድ የዛገ ቱቦ ማለት ፍሬን የለም ማለት ነው።

የተለመደው የፍሬን ዘይት፣ ዶት 3 እና ዶት 4 የሚባለው፣ ከአየር እርጥበት ይስባል። መኪና ሲቆም ያ ውኃ በየጎማው ያለችውን ትንሽ ሲሊንደር ከውስጥ ያዝጋታል። ውኃ የያዘ ዘይት ቶሎ ይፈላል፤ ቁልቁለት ላይ ሲፈላ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ለዚህ ነው በየሁለት ዓመቱ የሚቀየረው። ቆይቶ የመጣው ሲሊኮኑ ዶት 5 እርጥበት አይስብም፣ ቀለምም አይበላም። ከሌሎቹ ጋር ግን አይቀላቀልም። ዶት 5.1 በስሙ ቢመስለውም ሲሊኮን አይደለም፤ የነዶት 4 ወገን ነው። በዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

የጎማ ቱቦዎቹ ጉድ ሌላ ነው። ከውጭ ደህና ይመስላሉ። ከውስጥ ግን አብጠው ቀዳዳቸው ጠቧል። ፔዳሉ ሲረገጥ ኃይሉ ዘይቱን ያሳልፈዋል። ሲለቀቅ ግን የሚመልሰው ጉልበት የለም። ጎማው ተይዞ ይቀራል፣ ይግላል፣ ይሸታል። ባለቤቱ ሲሊንደር ይቀይራል፣ የፍሬን ሸራ ይቀይራል፣ ችግሩ ቱቦው ውስጥ ነው። ከዚያ ደግሞ የዱሮ ሸራ አስቤስቶስ አለበት፤ አቧራውን በአየር አትንፋ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው አለች።

ቀለም ወዳዶቹን የወጋችበት ነጥብም አለ። ዶት 3 እና 4 ቀለም ይልጣሉ። የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ከፊት ኮፈን ሥር ነው። ፍሬኑ ሳይጠገን የተቀባ መኪና፣ ዘይቱ ሲፈስ ያን ውድ ቀለም ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ሁለቱም ወገን በዚህ ላይ የሚመልሰው አላገኘም።

መልስ 29 ሲትሮኤን ዲኤስ የምትባለው የፈረንሳይ መኪና ያለው ሰው ነው፤ እሱም በደስታ ገባ። የእሱ መኪና በ1955 ስትወጣ ቀይ ፈሳሽ ነበር የምትጠቀመው። ከ1966 መጨረሻ ጀምሮ ወደ አረንጓዴ የማዕድን ዘይት ተሻገረች። አንዱን ለሌላው ያደረገ ሰው የመኪናውን ማኅተም ሁሉ ያሳብጣል፤ ፍሬን ብቻ ሳይሆን ማንሻዋም መሪዋም በዚያ ነውና የሚሠሩት። ስለ ቮልስ ምንም አልጠቀመም፤ ግን የማዕድን ዘይትና የፍሬን ዘይት ፈጽሞ አይቀላቀሉም የሚለው ለሁሉም ይሠራል።

መልስ 30 ስለ ጎማ አጭር ነው። ከ2000 ወዲህ በተሠራ ጎማ ጎን ላይ አራት አሃዝ አለ። 2319 ቢል በ2019 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት የተሠራ ነው። ሦስት አሃዝ ብቻ ካየህ ጎማው ከዚያ በፊት የተሠራ ነው፤ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም አውርደው። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር አትግባ የሚለውም እዚህ መጣ፤ ዘግይቶም ቢሆን መምጣቱ ጥሩ ነው።

መልስ 31 ሲፈታ ፎቶ አንሣ፣ ቡሎኑን በየከረጢቱ ጻፍበት ይላል። ማንም የማይሰማው፣ በኋላ ሁሉም የሚያስታውሰው ምክር።

መልስ 32 ጠያቂው ነው። ወስኗል። ቀለሟ ይቆያል። ወለሏ በአዲስ ላሜራ ይበየዳል፤ አዲሱ ላሜራ ከአሮጌው እንዲለይ እዚያው ብቻ ይቀባል፣ ፎቶውም ይቀመጣል። ፍሬኗ ከፔዳሉ ጋር ከተያያዘው ማስተር ሲሊንደር እስከ ጎማው ሙሉ በሙሉ ይቀየራል። ሞተሩ ካንዴላው ወጥቶ ዘይት ጠጥቶ ተቀምጧል። የተጨረመተውን ፓራፋንጎ ባትላሜራ ከውስጥ ቀጥቅጦ ያወጣዋል፤ ስቱኮ አይገባም። 2 ቁጥር ደስ አለው። 3 ቁጥር ጊዜ ያሳየናል ብሎ ቀረ። ሁለቱ እስከ መጨረሻው አልታረቁም፤ መታረቅም የለባቸውም።

ክሩ ግን አላለቀም። ጠያቂው ሞተሩ በእጅ መዞር ሲጀምር የቫልቭ ክፍተት (ቫልቩ ሲዘጋ ከሚገፋው ክፍል ጋር የሚቀረው ስንጥቅ) ስንት ላድርግ ብሎ ጠየቀ። መልስ 33 0.10 ሚሊ ሜትር አለ። መልስ 34 0.15 ነው፣ ያውም ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አለ። መልስ 35 የቆየውን መመሪያ እና አዲሱን እያወዳደራችሁ ነው አለ። ለእኔ የሚመቸኝ 0.15ቱ ነው። የላላ ቫልቭ ይንኳኳል፣ ትሰማዋለህ። የጠበቀ ቫልቭ ግን በደንብ ስለማይዘጋ ድምፅ ሳያሰማ ይቃጠላል፤ በተለይ ሙቀት የሚበዛበት የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቭ። ይህን ስጽፍ መልሱ 41 ደርሷል፤ የቴስታታዋ እኅታችንም በቫልቩ ክርክር ገና አልገባችም።